ከእንቁላሉ ይጀምሩ፦ ለደጋ ውሃ የሚሆን ትራውት አመራረጥ

«ውሃዬ ቀዝቃዛ ነው፤ የትኛውን ዓሣ ላስገባ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ስለ አዋቂው ዓሣ ነው፦ ስንት ኪሎ ይደርሳል፣ በስንት ወር፣ ሥጋው እንዴት ነው። እነዚህ ጥያቄዎች ሁለተኛ ደረጃ ናቸው። ትራውት የተባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ 17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውሃ ውስጥ እየበላ ሊወፍር ይችላል፤ በዚያው ውሃ ውስጥ የተጣለው እንቁላሉ ግን በአብዛኛው ሞቶ ነጭ ሆኖ ያልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ መለየት ያለበት እንቁላሉ ምን ዓይነት ውሃ እንደሚችል ነው። እንቁላሉን ከሌላ ቦታ ማምጣት ከተቻለ ደግሞ ምርጫው ይሰፋል።

እዚህ የምናወዳድራቸው አራት ናቸው። ሬይንቦው ትራውት ስሙን ያገኘው በጎኑ ላይ ካለው ቀስተ ደመና መሰል መስመር ነው፤ መነሻው የሰሜን አሜሪካ የፓስፊክ ዳርቻና የሩሲያዋ ካምቻትካ ነው። ብራውን ትራውት የአውሮፓ፣ የምዕራብ እስያና የሰሜን አፍሪካ ዓሣ ነው፤ በሞሮኮ የአትላስ ተራሮች ጅረቶች ውስጥ ማንም ሳያመጣው ይኖራል። ብሩክ ትራውት የምሥራቅ ሰሜን አሜሪካ ነው፤ ትራውት ይባል እንጂ ዘሩ የትራውት የቅርብ ዘመድ ከሆኑት ከቻሮች ወገን ነው። አርክቲክ ቻር ደግሞ ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ከሚኖሩ ዓሦች ሁሉ ወደ ሰሜን ርቆ የሚገኘው ነው። ከእነዚህ መካከል ሬይንቦውና ብራውን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ከኬንያ መጥተው በባሌ ተራሮች ወንዞች፣ በዌብና በዳንካ፣ ተለቀዋል፤ ዘራቸውም እዚያው ቀጥሏል።

ዓሣ ከመምረጥ በፊት ቴርሞሜትር

ውሃውን ጠዋት 12 ሰዓት ላይና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይለኩ። አንድ ቀን ለክቶ መወሰን አይበቃም፤ በሞቃቱ ወቅት (በብዙው ደጋ መጋቢትና ሚያዝያ) ሁለት ሳምንት፣ በብርዱ ወቅት (ኅዳርና ታኅሣሥ) ሁለት ሳምንት ያስፈልጋል። የሚፈለጉት ቁጥሮች ሁለት ናቸው፦ የዓመቱ ትልቁ የከሰዓት ሙቀትና በብርዱ ወቅት ውሃው ቀንና ሌሊት ተደምሮ የሚውልበት አማካይ። የመጀመሪያው ዓሣው መኖር መቻሉን ይነግርዎታል፤ ሁለተኛው ዓሣው መራባት መቻሉን።

የምንጭ ውሃና የወንዝ ውሃ እዚህ ላይ ይለያያሉ። የምንጭ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ከአካባቢው አማካይ የአየር ሙቀት ብዙም አይርቅም፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ይህ 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወንዝ ግን ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ከሰዓት ይሞቃል። ምንጩ ለማሳደግ ምቹ ሆኖ ለእንቁላል የማይሆንበት፣ ወንዙ ደግሞ በተቃራኒው የሚሆንበት ቦታ ብዙ ነው።

ውሃዎ ለሳምንታት ከ20 ዲግሪ በላይ የሚውል ከሆነ ትራውትን ይተዉት። ከአራቱ አንዱም 25 ዲግሪን ለረጅም ጊዜ አይችልም፤ ከዚያ በታችም ቢሆን መብላት ያቆማል፣ በሽታም ይበረታበታል። ለእንዲህ ያለው ውሃ ቆሮሶ ወይም ካርፕ ይሻላል።

ከፍታው ኦክስጅኑን ይቀንሳል

ደጋ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ውሃ በቀዘቀዘ መጠን ብዙ ኦክስጅን ይይዛል መባሉ እውነት ነው። ከፍታ ሲጨምር ግን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም አብሮ ይቀንሳል። 10 ዲግሪ የሆነ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 11.3 ሚሊግራም ያህል ይይዛል። በ2,500 ሜትር ይህ ወደ 8.3፣ በ3,000 ሜትር ወደ 7.8 ይወርዳል። ውሃው 15 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ በ2,500 ሜትር 7.4፣ በ3,000 ሜትር 7.0 ገደማ ብቻ ነው። እነዚህ ቁጥሮች አየር ለጠገበ ውሃ ናቸው፤ ከመሬት ገና የወጣ የምንጭ ውሃ ከዚህም በታች ሊሆን ይችላል።

ከገንዳ የሚወጣው ውሃ በሊትር ከ6 ሚሊግራም በታች እንዳይወርድ ይመከራል። በዚህ መሠረት ሒሳቡን እንሥራ። በሰከንድ 1 ሊትር የሚፈስ ውሃ በቀን 86,400 ሊትር ነው። በባሕር ጠለል ላይ፣ በ10 ዲግሪ፣ ዓሣው ከእያንዳንዱ ሊትር 5.3 ሚሊግራም መጠቀም ይችላል፤ በቀን 458 ግራም ኦክስጅን ማለት ነው። በ3,000 ሜትር ግን 1.8 ሚሊግራም፣ በቀን 155 ግራም ብቻ ያገኛል። አንድ ኪሎ መኖ 220 ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈጃል ብለን ብናሰላ፣ ያው ፍሰት ባሕር ጠለል ላይ 2 ኪሎ መኖ፣ ደጋው ላይ 700 ግራም መኖ ይሸከማል። ዓሣው በቀን የክብደቱን 1 በመቶ ከበላ፣ ያ 200 ኪሎ ዓሣ ነው፤ ይህ 70 ኪሎ። ከአውሮፓ የተቀዳ የገንዳ እቅድ ደጋ ላይ ዓሣ የሚፈጀው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። 3,800 ሜትር ላይ ባለው የቲቲካካ ሐይቅ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ባለው የሌሶቶ ካትሴ ግድብም ሬይንቦው ትራውት በኬጅ (ውሃ ውስጥ በተዘረጋ የመረብ በረት) ይረባል። ብልሃቱ ዓሣውን በቁጥር አሳንሶ ማስገባትና ውሃውን ከገንዳ ወደ ገንዳ እያንፈጠፈጡ ማውረድ ነው። በሁለት ገንዳዎች መካከል የግማሽ ሜትር ፏፏቴ ያለቀውን ኦክስጅን በከፊል ይመልሳል። ከላይ የተጻፈውን ጣሪያ ግን አያሳልፍም፤ ለዚያ ንጹህ ኦክስጅን ከሲሊንደር ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ለአነስተኛ እርባታ ወጪው አያዋጣም።

አራቱ በእንቁላላቸው ሲመዘኑ

የትራውት እንቁላል ትልቅ ነው፤ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ስፋት አለው። ትልቅ በመሆኑ ጫጩቱ ብዙ ስንቅ ይዞ ይፈለፈላል፤ በዚያው ልክ ግን ኦክስጅን ወደ ውስጥ የሚገባበት ገጽ ከሰውነቱ አንጻር ትንሽ ነው። ሞቃት ውሃ ጽንሱ ቶሎ እንዲያድግ ስለሚያስገድደው የኦክስጅን ፍላጎቱን ያንረዋል፤ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ደግሞ በዚያው ሰዓት ይቀንሳል። የሞቱና ጀርባቸው የተጣመመ ጫጩቶች የሚበዙት በዚህ ነው።

እንቁላሉ ከተዳቀለበት እስከሚፈለፈልበት የሚወስደው ጊዜ በግምት ይህን ይመስላል፦

| የውሃ ሙቀት | ሬይንቦው | ብራውን | ብሩክ |
|---|---|---|---|
| 4.4 ዲግሪ | 80 ቀን | 100 ቀን | 103 ቀን |
| 7.2 ዲግሪ | 48 ቀን | 64 ቀን | 68 ቀን |
| 10 ዲግሪ | 31 ቀን | 41 ቀን | 44 ቀን |

አርቢዎች ይህን በ«ዲግሪ ቀን» ያሰሉታል፤ የየቀኑን ሙቀት መደመር ነው። ሬይንቦው 310፣ ብራውን 410፣ ብሩክ 440 ዲግሪ ቀን ያህል ይፈልጋል ማለት ነው። ቀኖቹን መቁጠር ብቻ ሳይሆን ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መረዳትም ይጠቅማል። ሬይንቦው በትውልድ ቦታው በአብዛኛው በጸደይ፣ ውሃው መሞቅ ሲጀምር፣ እንቁላል ይጥላል። ሌሎቹ ሦስቱ በመጸው ጥለው እንቁላላቸው ክረምቱን በበረዶ ሥር በጠጠር ውስጥ ያሳልፋል። የጸደዩ እንቁላል ለሙቀት መጨመር የተዘጋጀ ነው፤ የመጸዉ ግን ለረጅም ብርድ።

ሬይንቦው። ከ7 እስከ 12 ዲግሪ ለእንቁላሉ ደህና ነው፤ ከ13 በላይ ጉዳቱ በፍጥነት ይጨምራል። አዋቂው ከ13 እስከ 17 ዲግሪ ባለው ውሃ በደንብ ያድጋል። ሴቷ በ2 ወይም በ3 ዓመት ትደርሳለች፤ በክብደቷ ኪሎ 2,000 እንቁላል ያህል ትጥላለች። ወንዴው አንዳንዴ ሁለት ዓመት ሳይደፍን ይደርስና ዕድገቱ ይገታል። ይህን ኋላ እንመለስበታለን። ለገንዳ ከሁሉም የተላመደው እርሱ ነው፦ ተንሳፋፊ መኖ ቶሎ ይለምዳል፣ መጨናነቅ ይችላል፣ ጥሩ መኖ ካገኘ አንድ ኪሎ ለማደግ ከ1.0 እስከ 1.3 ኪሎ መኖ ይበቃዋል። ከ13 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ውሃ በዓመት ከጥቂት ወር ውስጥ 250 ወይም 300 ግራም ይደርሳል። በሰሜን እስራኤል ቂቡጽ ዳን ውስጥ የሚረባው ይኸው ዓሣ ነው፤ ከሄርሞን ሥር የሚፈልቀው የዳን ምንጭ ዓመቱን ሙሉ 15 እና 16 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቆይ።

ድክመቱ በበሽታ በኩል ነው። ጭንቅላቱን እያዞረ ራሱን የሚያሽከረክርበት፣ አጥንት የሚያጣምም ጥገኛ ተውሳክ ያለበት በሽታ አለ፤ ተውሳኩ የአውሮፓ በመሆኑ ብራውን ለዘመናት ተላምዶታል፣ ሬይንቦው ግን በጫጩትነቱ በእጅጉ ይጠቃል። ተውሳኩ ግማሽ ሕይወቱን በጭቃ ትል ውስጥ ስለሚያሳልፍ መከላከያው ጫጩትን በጭቃ ኩሬ ሳይሆን በኮንክሪት ወይም በፋይበርግላስ ገንዳ ማሳደግ ነው።

ብራውን። እንቁላሉ ከ5 እስከ 9 ዲግሪ ይመርጣል፤ ከ12 በላይ ተስፋ ማድረግ አያዋጣም። አዋቂው በ13 ዲግሪ አካባቢ በደንብ ያድጋል። ለገንዳ እርባታ አንመክረውም። ይደበቃል፣ ይናከሳል፣ መኖ ለመልመድ ያስቸግራል፤ ሬይንቦው በአንድ ዓመት ከሚደርስበት መጠን ለመድረስ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ፉሩንክሎሲስ የሚባለው የባክቴሪያ ቁስል ከሬይንቦው ይልቅ በብራውንና በብሩክ ላይ ይጸናል። ብራውን ጥሩ የሚሆነው ለወንዝ ነው፦ ጥላና ትልልቅ ድንጋይ ያለበት ቦታ ይዞ ይኖራል፣ ጠንቃቃ በመሆኑ አጥማጅ በቀላሉ አይጨርሰውም፣ ሲያረጅም ሌላ ዓሣ እየበላ ይገዝፋል። የመጨረሻው ባሕርይ ለአጥማጁ ደስታ ቢሆንም ለአገሬው ዓሣ መርዶ ነው።

ብሩክ። አንድ ጠንካራ ጎን አለው፦ አሲድነትን ይችላል። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች 5 አካባቢ በሆነ ውሃ፣ ሬይንቦው በማይኖርበት፣ ይኖራል። ሴቷ ጎጆዋን የምትቆፍረው በጠጠር ሥር ምንጭ በሚፈልቅበት ቦታ ነው፤ ያ ውሃ ክረምቱን አይበርድም፣ ደለልም አይጠራቀምበትም። ችግሩ በ1 ወይም በ2 ዓመቱ፣ ገና ትንሽ ሳለ፣ ደርሶ ጉልበቱን ወደ እንቁላል ማዞሩ ነው። ለገበያ ሲባል የሚረባው ከሬይንቦው ያነሰ ሆኖ ይቀራል። ውሃዎ አሲዳማ ካልሆነ ለምን እንደሚመርጡት አናውቅም።

አርክቲክ ቻር። 6 እና 7 ዲግሪ ባለው ውሃ ውስጥ፣ ሌሎቹ ቀዝዘው በሚቆሙበት፣ ማደጉን ይቀጥላል። መጨናነቅንም ይወዳል፤ በጣም ሲሳሳ ይናከሳል፣ ሲበዛ ይረጋጋል። አይስላንድ ዋና አምራቹ የሆነችው በዚህ ነው። ለምድር ወገብ አካባቢ ግን አይሆንም። እንቁላሉ ከ8 ዲግሪ በታች ካልሆነ አይበጅለትም፤ ሴቷም በእንቁላል መጣያዋ ወቅት ከ10 ዲግሪ በላይ ከቆየች እንቁላሏ ከእንቁልጢዋ ሳይለቅ እዚያው ይበላሻል። አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም ስካንዲኔቪያ ያለ አንባቢ ቀዝቃዛ የጉድጓድ ውሃ ካለው ያስብበት፤ የአገሩ የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ግን ለአራቱም ያስፈልጋል።

የቀን ርዝመት የሚባል ሌላ ጉዳይ

ትራውት እንቁላል የሚያዘጋጅበትን ጊዜ የሚያውቀው ከሙቀት በላይ በቀን ርዝመት ነው። ኖርዌይ ውስጥ የበጋና የክረምት ቀን በብዙ ሰዓት ይለያያል፤ ባሌ ላይ ግን የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት አንድ ሰዓት በማይሞላ ነው። ምልክቱ ደካማ ስለሆነ ሴቶቹ በአንድ ሳምንት አይደርሱም፤ አንዷ ዛሬ፣ ሌላዋ ከወር በኋላ። ለአርቢው ይህ ማለት በየሳምንቱ እያንዳንዷን ሴት እያነሱ ሆዷን መዳሰስ ማለት ነው። ከተላቀቀ በኋላ በሆድ ውስጥ የቆየ እንቁላል ያረጃል፤ በ10 ዲግሪ አንድ ሳምንት ገደማ ይታገሣል፣ በሞቀ ውሃ ያንንም አይታገሥም። ያረጀ እንቁላል ሲጨመቅ የሚወጣው ፈሳሽ የደፈረሰ ነው፤ መዳቀሉን ይተዉት፣ ሴቷን ግን ባዶ ያድርጓት።

በትልልቅ ማራቢያዎች ይህ የሚፈታው በመብራት ነው፦ ገንዳው ተሸፍኖ ለወራት ረጅም ቀን፣ ቀጥሎ አጭር ቀን ይሰጣል። መብራት የሚቋረጥበት ቦታ አይሞከርም፤ አንድ ሳምንት የተዛባ ብርሃን የወራት ሥራ ያፈርሳል።

ምን ይግዙ? እናት ዓሣ፣ ዓይን ያወጣ እንቁላል ወይስ ጫጩት?

ዝርያውን ከመረጡ በኋላ ያለው ይህ ምርጫ ከዝርያው ባልተናነሰ ወሳኝ ነው።

የራስን እናት ዓሣ መያዝ ነጻነት ይመስላል። ነገር ግን ሴቷን 3 ዓመት መቀለብ፣ እንቁላሏ ሲበስል ከ13 ዲግሪ ያልበለጠ ውሃ መስጠት፣ ዘሩ እርስ በርሱ እንዳይጋባ ብዙ ጥንዶችን መያዝ ይጠይቃል። አሥር ጥንድ ይዞ ትውልድ በትውልድ ላይ መደራረብ ዕድገቱን እያዘገመ፣ ጉድለቱን እያበዛ ይሄዳል። በዓመት ከመቶ ሺህ እንቁላል በታች ለሚፈልግ ሰው አይመከርም።

ዓይን ያወጣ እንቁላል ማለት የጽንሱ ሁለት ጥቁር ዓይኖች በቅርፊቱ ውስጥ የሚታዩበት ደረጃ ነው፤ ሬይንቦው በ10 ዲግሪ ከ16 እስከ 18 ቀን ላይ ይደርስበታል። ጥቅሙ ከዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ጋር ይገናኛል፦ ሙቀት በብርቱ የሚጎዳው የመጀመሪያው ደረጃ ሌላ ቦታ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ አልፏል። የቀረው በ10 ዲግሪ ሁለት ሳምንት ያህል ነው። ስለዚህ ምንጫቸው 12 እና 13 ዲግሪ የሆነ ሰዎች ራሳቸው ማዳቀል ባይችሉም ይህን መፈልፈል ይችላሉ። በእርጥብ ሁኔታ በበረዶ ታሽጎ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ጉዞ ይችላል፤ በአውሮፕላን የሚላከውም ለዚህ ነው። ከተዳቀለ ከሁለት ቀን በኋላ እስከ ዓይን ማውጣት ድረስ ያለው እንቁላል ግን ከተነቀነቀ ይሞታል። በዚያ ጊዜ ላይ ያለ እንቁላል አይግዙ።

ጫጩት መግዛት ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ምንጭዎ 15 ወይም 16 ዲግሪ ከሆነ ያለዎት አማራጭም ይኸው ነው። ክፋቱ ማጓጓዣው ነው፤ ኦክስጅን በተሞላ ከረጢት፣ ከመንገዱ በፊት ሙሉ ቀን ሳይበላ፣ በቀዝቃዛ ውሃ መጓዝ አለበት። በሽታም ከእንቁላል ይልቅ በጫጩት ይመጣል፤ እንቁላል በአዮዲን ይታጠባል፣ ጫጩት አይታጠብም።

የእንቁላል ሣጥን ሲደርስ

መጀመሪያ በእንቁላሎቹ መካከል ቴርሞሜትር ያስገቡ። ሣጥኑ 3 ዲግሪ፣ ውሃዎ 11 ከሆነ ቀጥታ መድፋት ይገድላቸዋል። ከገንዳው ውሃ በቀስታ እያንጠባጠቡ አንድ ሰዓት ገደማ ወስደው ያመጣጥኑ። ቀጥሎ ለዓሣ እንቁላል በተዘጋጀ የአዮዲን መድኃኒት፣ በሊትር 100 ሚሊግራም አዮዲን ሆኖ፣ 10 ደቂቃ ይንከሩ፤ ውሃዎ አሲዳማ ከሆነ አዮዲኑ እንቁላሉን ሊጎዳ ስለሚችል ፒኤቹን ወደ 7 ያቅርቡ። በሣጥኑ የመጣውን ውሃና በረዶ ወደ ወንዝ አይድፉ።

በወንፊት ትሪ ላይ ከሁለት ድርብ በላይ አይደርድሩ። ለ10,000 እንቁላል በደቂቃ ከ3 እስከ 5 ሊትር ውሃ ከታች ወደ ላይ ይለፍበት። ብርሃን ይከልክሉ፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ጽንስ ይገድላል። የምንጩ ውሃ ከመግባቱ በፊት በተበሳ ሳህን ላይ ይንጠባጠብ፦ ኦክስጅን ይጨምርለታል፣ ከመሬት ይዞት የመጣውን ትርፍ ናይትሮጅንም ያወጣለታል። ይህ ካልተደረገ ጫጩቶቹ በሆዳቸው ሥር የአየር አረፋ ይዘው ተገልብጠው ይንሳፈፋሉ፤ ብዙ ሰው በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ይፈልግለታል።

በየቀኑ ነጭ የሆኑትን ይልቀሙ። የሞተ እንቁላል ላይ የሚበቅለው እንደ ጥጥ ያለ ሻጋታ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። ለዚህ ድሮ ይሰጥ የነበረው ማላካይት ግሪን ለምግብ ዓሣ በብዙ አገር የተከለከለ ነው፤ ቢያቀርቡልዎት አይቀበሉ።

ከተፈለፈሉ በኋላ ጫጩቶቹ የአስኳል ከረጢታቸውን ተሸክመው ታች ይተኛሉ። መኖ የሚጀመርበት ጊዜ አሳሳች ነው። ግማሽ ያህሉ ተነሥተው መዋኘት ሲጀምሩ ትንሽ የተፈጨ መኖ፣ ከግማሽ ሚሊሜትር ያልበለጠ፣ በቀን ከ8 እስከ 10 ጊዜ ይርጩ። ሁሉም እስኪነሡ ከጠበቁ የመጀመሪያዎቹ መብላት ሳይማሩ ያልቃሉ፤ ጭንቅላታቸው ትልቅ፣ ሰውነታቸው እንደ መርፌ የቀጠነ ጫጩት ያያሉ። እነዚያ አይመለሱም። በጥቅሉ ከዓይን ካወጣ እንቁላል እስከ ገበያ 60 በመቶ ከተረፈ ጥሩ ነው፤ 5,000 ዓሣ ለመሸጥ 8,400 ያህል እንቁላል ይዘዙ።

ሁሉም ሴት፣ ወይስ መካን?

ሻጩ «ሁሉም ሴት» ካለዎት ማታለል አይደለም። ሴት ጫጩቶች በሆርሞን ወንድ እንዲሆኑ ተደርገው ሲያድጉ ዘራቸው ሴት ብቻ ያስገኛል፤ ለእርስዎ የሚሸጠው ሆርሞን ያልነካው ልጃቸው ነው። ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ያዋጣልም፤ ቶሎ የሚደርሱት ወንዶቹ ቆዳቸው ጠቁሮ፣ ሥጋቸው ላልቶ፣ ሲጣሉ ክንፋቸውን ተቀዳደው ገበያ ላይ ዋጋ ያጣሉና።

በሁለት ፈንታ ሦስት ስብስብ ክሮሞሶም ያለው መካን ዓሣ ደግሞ እንቁላሉ በተዳቀለ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በግፊት ወይም በሙቀት ተደንግጦ የሚገኝ ነው። አይራባም፣ ስለዚህ ቢያመልጥም ወንዝ ውስጥ ዘር አይተክልም። እዚህ ግን ደጋ ላይ ያለ ሰው ሁለት ጊዜ ያስብ፦ መካኑ ዓሣ ዝቅተኛ ኦክስጅንና ሙቀት ሲደራረቡበት ከመደበኛው ቀድሞ ይሞታል። በ3,000 ሜትር ከላይ ያሰላነውን 70 ኪሎ ወደ 50 ዝቅ አድርገው ቢያስገቡት ይሻላል። እርባታው ትራውት ከሌለበት ወንዝ አጠገብ ከሆነ ግን ያንን ኪሳራ መቀበል ተገቢ ነው ብለን እናምናለን።

ወንዝ ውስጥ መልቀቅ ለሚያስብ

ወንዝ ላይ ምርጫው በጠጠሩ ይወሰናል። ሴቷ በጅራቷ እየመታች ከ1 እስከ 6 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ጠጠር ውስጥ ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ ወንዴው አጠገቧ ሆኖ ዘሩን ሲለቅ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ወዲያው ትንሽ ወደ ላይ ቆፍራ በተነሣው ጠጠር ትሸፍነዋለች። ውሃው በጠጠሩ መካከል ማለፍ አለበት። ከላይ ያለው ቁልቁለት ታርሶ የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ካወረደው ደለሉ ክፍተቱን ይደፍናል፣ እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል፤ ከተፈለፈለም ጫጩቱ ወደ ላይ መውጫ ያጣል። ለዚህ ነው በደጋ ወንዞች ውስጥ በጋ ላይ የተጣለ እንቁላል ከክረምቱ ጎርፍ በፊት ተፈልፍሎ ጫጩቱ መዋኘት መቻል ያለበት።

ሁለቱን ወይም ሦስቱን አንድ ላይ መልቀቅም ውጤቱ የታወቀ ነው። በምሥራቅ አሜሪካ የአገሬው ብሩክ በመጤዎቹ ብራውንና ሬይንቦው ተገፍቶ ወደ ላይኛው ጅረት ሸሽቷል። በአውሮፓ ደግሞ መጤው ብሩክ በአሲዳማና በጣም ቀዝቃዛ ጅረቶች ላይ የአገሬውን ብራውን ያስለቅቃል። ብራውንና ብሩክ ሲዳቀሉም የሚወለደው መካን ነው፤ የሁለቱም እንቁላል ባከነ ማለት ነው። የሚያሸንፈውን ዓሣ የሚወስነው ውሃው ነው።

ይህ ሁሉ ግን «ልልቀቅ ወይ?» የሚለውን አይመልስም። ሬይንቦውና ብራውን ሁለቱም ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ባሰባሰበው የ100 የዓለም አስከፊ ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ አሉ። የደጋ ጅረቶች ብዙውን ጊዜ ትልቅ አዳኝ ዓሣ ያልነበራቸው ናቸው፤ ትራውት የእንቁራሪት ጫጩትና የውሃ ነፍሳት ይበላል፣ ባሌ ደግሞ ሌላ የትም የማይገኙ እንቁራሪቶች አሏት። ስለዚህ ትራውት ባልገባበት ወንዝ ላይ ምክራችን አጭር ነው፦ አይልቀቁ። ገንዳ የሚሠራ ሰውም ከመቆፈሩ በፊት የግብርና መሥሪያ ቤቱን ፈቃድ ይያዝ፤ በመውጫው ላይ ሁለት ወንፊት፣ አንዱ ከሌላው ኋላ፣ ይትከል፤ ቀዳዳው በገንዳው ውስጥ ካለው ትንሹ ዓሣ ጭንቅላት የጠበበ ይሁን። ጎርፍ ሲመጣ ቅጠል የመጀመሪያውን ወንፊት ይደፍነዋል፣ ውሃውም በላዩ ይፈስሳል፤ ስለዚህ የገንዳው ግድግዳ ከከፍተኛው የውሃ ልክ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ይትረፍ፣ በክረምት ሌሊት ወንፊቱን የሚጠርግ ሰው ይመደብ።